ጋሽ ዓባይነህና ዘጠነኛው ሰው

በየሰፈሩ አንድ ተጠራጣሪ ሰው አይጠፋም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ፤ ምናልባት እሱ ራሱ ነው። ዕድር ያለ ጥሩምባ ነፊ እንደማይቆም ሁሉ ሰፈርም ያለ ተጠራጣሪ አይቆምም። ማክሰኞ ይመጣ የነበረው የቧንቧ ውሃ ሐሙስ ሲመጣ ሌላው ሰው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ ተጠራጣሪው ግን ደጁ ላይ ቆሞ፣ ለምን ሐሙስ ሆነ፣ ማንስ አዘዘ ብሎ ይመረምራል። ምርመራውን ሳይጨርስ ውሃው ይሄዳል። ይህም ሌላ ጥርጣሬ ይወልድለታል።

የሰበታው ክቡር ጋሽ ዓባይነህ በዚህ ሙያ አቻ አልነበራቸውም። በአንድ የእብነ በረድ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። መዶሻ ፈርሞ የወሰደ ሁሉ መዶሻውን ሸጦ የሚመጣ ይመስላቸው ነበርና፣ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው አብሯቸው አልወጣም። ከተጂ የመጣ ጤፍ ሲገዙ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ጆንያው ውስጥ ይሰዳሉ፤ ላዩ ነጭ ከሆነ ታቹን፣ ታቹም ነጭ ከሆነ ነጋዴውን ይጠረጥራሉ። የታክሲ ረዳት ሳይጠየቅ መልስ ከሰጣቸው ወርደው ታርጋውን ይመዘግባሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ አንድ ጠዋት ዝም ብለው ፈገግ ቢሉ፣ ጋሽ ዓባይነህ ቀኑን ሙሉ ሲያስቡበት ይውላሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ ሰው ቢስቅባቸውም አባባሉን ደግመው ሳይነግሩት አይለቁትም።

እንዲህ ያሉ ሰው አጠገብ ነው እንግዲህ ጣቢታ የምትባል ሴትዮ ቤት የተከራየችው።

በጥር ወር አንድ አይሱዙ መኪና አጥሩ ሥር ቆመ። ሶፋ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ ብፌ የለ። አንድ አልጋ፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ሃያ ሦስት ካርቶን። ተሸካሚዎቹ አንዱን ካርቶን ለሁለት ይዘው እያቃሰቱ ሲገቡ ጋሽ ዓባይነህ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ይቆጥሩ ነበር። ቀዳዳውን ዝገት ነው የከፈተው ይላሉ፤ ሰፈሩ ግን ምስማር መሆኑን ያውቃል። ሴትዮዋ ስድሳ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ባል አልተከተላት፣ ልጅ አልተከተላት። ከደቡብ፣ ከከምባታ ናት ተባለ። ዶክተር ናት ተባለ። ታዲያ ዶክተር ከሆነች ታካሚዎቹ የት አሉ?

በሁለተኛው ቀን የባሰ መጣ። በመንገድ ላይ ከጀሪካን የፈሰሰ ውሃ አንዱን ካርቶን ነክቶት ኖሮ፣ ሴትዮዋ ወረቀቶቹን አውጥታ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። ጋሽ ዓባይነህ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ ቢያደርጉ፣ ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ የሚታይ ሰው ሥዕል ይወዛወዛል። ከጎኑ ጭስ የሚተፋ ምድጃ። ከምድጃው ቀጥሎ በመሰላል ወደ ጥልቅ ጉድጓድ የሚወርዱ ሰዎች። ለወይዘሮ ስንዱ ያዩትን ሲነግሯቸው፣ ወይዘሮ ስንዱ የራሳቸውን ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ እንደላላ አስታውሰዋቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ሰዎች መጡ። በከተማው ዳር ባለው የድንጋይ መፍጫ የሚሠሩ፣ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ የለበሱ አሥራ ሁለት የደቡብ ሰዎች። ፊት ፊት የሚሄደው ኤልቃና የሚባል የአርባ ዓመት ፎርማን ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ይመራል። መዝሙር ተሰምቶ ቢሆን ጋሽ ዓባይነህ «ጸሎት ነው» ብለው ይተዉት ነበር። መዝሙር ግን አልተሰማም። ለሁለት ሰዓት ያህል የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ሲያነብ፣ በመሀል በመሀል የሰዎቹ ሳል ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ዓባይነህ ደጅ ላይ ጠብቀው፣ በአክብሮት፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቋት። የሕክምና ታሪክ እንደምታጠና፣ የጥንት መጻሕፍትም እንደምትተረጉም ነገረቻቸው።

«ከምን ወደ ምን?»

«ከላቲን ወደ አማርኛ።»

«ላቲን የማን ቋንቋ ነው?»

«አሁንስ የማንም አይደለም» አለች።

ይህ መልስ ነገሩን ቆረጠው። ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት የጠበቀ ሰው፣ ባለቤት የሌለው ነገር ሰው እጅ ላይ ሲያይ ምን እንደሚል ይታወቃል። ጋሽ ዓባይነህ የዚያኑ ዕለት ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዝተው ሽፋኑ ላይ «ጉዳዩ» ብለው ጻፉ።

ካርቶኖቹ ጎን ላይ በማርከር «ቡራዩ፣ ወ/ሮ አትክልት ግቢ» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከሥሩ «ሱሉልታ፣ ኦቦ ድሪብሳ» ተብሎ ተጽፎ እሱም ተሰርዟል። ካርቶኖቹ ከመኪናው ሲወርዱ ጋሽ ዓባይነህ አንብበውታል። ሐቀኛ ሰው ሦስት ከተማ ለምን ይዞራል? ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው ቡራዩ ወረዱ።

ወይዘሮ አትክልት ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡ ባለ ቤት ናቸው። ስለ ሴትዮዋ ሲጠየቁ መጀመሪያ ሳሙና ቆጠሩ፣ ከዚያ ተነፈሱ። አራት ዓመት ቤታቸው ተከራይታ ኖራለች። በአንድ የሕክምና ኮሌጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ታስተምር ነበር፤ የምታስተምረውም የድሮ ሐኪሞች ምን ምን እንደተሳሳቱ ነው። በኋላ ትምህርቱ ፈተና ላይ አይመጣም ተብሎ ተሰረዘ፤ እሷም አብራ ተሰረዘች። ወይዘሮ አትክልት አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። ልጃቸውን ትኩሳት ይዞት «ዶክተር፣ እስቲ እዩልኝ» ቢሏት፣ ቶሎ ብላ ታክሲ ጠርታ ሐኪም ቤት ወሰደችላቸውና «እኔ የማውቀው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞቱትን ነው» አለቻቸው።

ጋሽ ዓባይነህ ደብተራቸው ላይ «የምታክመው ሙታንን ነው። በራሷ አንደበት» ብለው ጻፉ።

ሱሉልታ ላይ ኦቦ ድሪብሳ ላሞቻቸውን እያለቡ ተቀበሏቸው። «አካም ጅርቱ» ብለው፣ ዱካ ሰጥተው፣ ትኩስ ወተት ቀድተው። ጋሽ ዓባይነህ ወተቱን ሦስት ጊዜ አሽትተው ጠጡ። ኦቦ ድሪብሳ ስለ ተከራያቸው የሚናገሩት ክፉ ነገር አልነበራቸውም፤ ጋሽ ዓባይነህን የረበሻቸውም ይኸው ነው። በወጣትነቷ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር እንደነበረች፣ ነርስነት ልትማር ጣሊያን አገር እንደተላከች፣ እዚያ ሳለች አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አይታ ከሥሩ የተጻፈውን ለማንበብ ስትል ስድስት ዓመት ላቲን እንደተማረች፣ በዚያው ነርስነቱን ትታ የሕክምና ታሪክ ዶክተር ሆና እንደተመለሰች አወሩላቸው። ሦስት መጻሕፍት ተርጉማለች። ስለ ቁስል ስፌት የሚናገረው አንድ አሳታሚ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ስለ ምድጃና ስለ ማንጠር የሚናገረው ታትሞ ገዢ አጥቶ በካርቶን ይዛው ትዞራለች። ሦስተኛው ገና አላለቀም።

«ምን ሥዕል ነው ያየችው?» ጋሽ ዓባይነህ ጠየቁ።

ኦቦ ድሪብሳ አላወቁም። የሚያውቁት ለዚያ ለሦስተኛው መጽሐፍ ስትል ጫንጮ ካለ ቀጥቃጭ ዘንድ ሦስት ቀን ውላ፣ እጅጌዋ ተቃጥሎ መመለሷን ነው። የመሣሪያ ስም ስትጠይቅ ነበር አሉ፤ ይሄን ምን ትሉታላችሁ፣ ያንንስ ምን ትሉታላችሁ እያለች።

ጋሽ ዓባይነህ በመመለሻው ታክሲ ውስጥ ደምረው ጨረሱት። ማንጠር አለ። ምድጃ አለ። ቀጥቃጭ አለ። በመሰላል የሚወርዱበት ጉድጓድ በሥዕል አለ። የድንጋይ ሠራተኞች በየቅዳሜው ይሰበሰባሉ። መጽሐፍ የሚሉት መሸፈኛ ነው፤ ማን ጤነኛ ሰው መጽሐፍ ጭኖ ሦስት ከተማ ይዞራል? ሴትዮዋ ከሰበታ ተራራ ሥር ወርቅ ልታወጣ ነው።

የአካባቢው የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ታመነ ይባላል። ጋሽ ዓባይነህ ስሙን ራሱን ይጠረጥሩታል። ቢሆንም ሰኔ ሲገባ ሄደው ከደብተራቸው እያነበቡ ጥቆማቸውን ሰጡ። ታመነ እንደሌላው ጊዜ ሊሸኛቸው ፈልጎ ነበር፤ «ወርቅ» የሚለው ቃል ግን ቢሮ ውስጥ አንዴ ከተነገረ ዝም ብሎ አይወጣም። ሰኞ ረፋድ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ።

ካርቶኖቹ ተከፈቱ። አሥራ ስምንቱ ውስጥ ያው ገዢ ያጣው መጽሐፍ ተደርድሯል። የቀሩት ውስጥ መዝገበ ቃላትና አሮጌ ደብዳቤ ነበር። አንደኛው ግን በእጅ የተጻፈ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አማርኛ ከነሥዕሎቹ የያዘ ነው፤ ጉድጓድ፣ መሰላል፣ የተከፈተ ደረት። ታመነ አገላበጠ፣ ራሱን አከከ፣ እስኪጣራ ድረስ ብሎ ደረሰኝ ጽፎ ያንን ካርቶን አስወጣው። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። «ሌላ ቅጂ የለኝም» አለች ብቻ። «የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ነው። ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዳታስቀምጡብኝ።» ከዚያ ዞር ብላ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ጋሽ ዓባይነህ ቀዳዳው ከተከፈተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳቸው ዞረ። ታመነ ቢሮ ውስጥ አራት መቶ ገጽ የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ አስጠራቸውና፣ ጠቋሚው እርስዎ ስለሆኑ፣ ጡረታም ስለወጡ፣ እዚሁ ቁጭ ብለው ያንብቡና ወንጀል ካለ በሪፖርት ያቅርቡ አላቸው። ጋሽ ዓባይነህ ይህንንም ጠረጠሩ፤ እምቢ ለማለት ግን ምክንያት አጡ። በመስኮቱ ሥር ወንበር ተሰጣቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ካርቶኑን ከሚያንጠባጥበው ጣሪያ ሥር አንስተው ጠረጴዛ ላይ ማድረግና በላስቲክ መሸፈን ነው። ለማስረጃው ደህንነት ነው አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

መጽሐፉን የጻፈው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ የማዕድን መንደር የኖረ ሐኪም ነው። ስለ ወርቅ አወጣጥ አንድም ገጽ አልነበረውም። ሐኪሙ የጻፈው ወርቁን ስለሚያወጡት ሰዎች ነው፤ ስለ ጀርባቸው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ከሁሉ ይልቅ ስለ ሳላቸው። ጋሽ ዓባይነህ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ገጽ አነበቡ። በሦስተኛው ቀን ምሳ መብላት ረሱ። ሐኪሙ ንብረት ክፍል ቢቀጠር እንደሚሆንለት ታይቷቸዋል፤ ማን ምን ይዞ እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደወጣ አንድ በአንድ ይጽፋል። አተረጓጎሟ ላይም ቢሆን እንከን አገኙ። ሠራተኞቹ ድንጋዩን «በቃሬዛ» ተሸክመው ወጡ ትላለች። ቃሬዛ የሰው ነው፤ ድንጋይ በባሬላ ነው የሚወጣው። ይህንን ደብተራቸው ላይ በቀይ ጻፉ።

በሰባተኛው ቀን፣ ሁለት መቶ ስልሳ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ጋሽ ዓባይነህ ቆሙ።

አንድ ጠዋት ዘጠኝ ኩራዝ ወጪ ሆኗል፤ ዘጠኝ ሰው ጉድጓድ ወርዷል። እኩለ ቀን ላይ ናዳ ወረደ። ሦስቱን ተሸክመው አወጧቸው፤ አምስቱ በእግራቸው ወጡ። ስምንት። ጋሽ ዓባይነህ በጣታቸው ደገሙት። ስምንት። ስምንቱም እንደዳኑ ሐኪሙ በየስማቸው ጽፏል። ሁለት ገጽ አልፎ ግን ይኸው ሐኪም፣ ደረቱን ስከፍተው ቢላዬ ሳንባው ላይ አሸዋ እንደሚቆርጥ ሲያፋጭ በጆሮዬ ሰማሁ ይላል። የማንን ደረት? የሞተ ሰው የለማ።

ደብተራቸውን አጥፈው ተነሡ። ታመነ ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቃቸው፣ አንድ ሰው ጠፍቷል ብለው ወጡ።

በሩን የከፈተችላቸው ራሷ ናት። ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር፤ ለሰባት ቀን አልሠራችበትም። እንዲቀመጡ አልጋበዘቻቸውም።

«የጠቆሙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «ዘጠነኛው ሰው የት ነው?»

አልገባትም። ደብተራቸውን ገልጠው አንድ በአንድ አነበቡላት፤ ዘጠኝ ኩራዝ፣ ዘጠኝ ሰው፣ ሦስት፣ አምስት። አንዱን ሰው የሆነ ቦታ ደብቀሻል ሊሏት ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ዋጡት። መደርደሪያው ዘንድ ሄዳ የላቲኑን ቅጂ አወረደች፤ ታመነ አማርኛውን ብቻ ነበር የወሰደው። ገጹን አገኘች። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚያልቁት» አለች። «ዓይኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘልሏል። በመሀል አራት መስመር አለ።»

«ምን ይላል?»

ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል እያወጣች አነበበችላቸው። «ዘጠነኛው የዚያ አገር ሰው አልነበረም። ከሩቅ አገር መጥቶ ድንጋይ በመሸከም የተቀጠረ ነው። ስሙን ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ናዳው አልነካውም። ከጉድጓዱ አፍ ደርሶ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እንደተቀመጠ ሞተ።»

ጋሽ ዓባይነህ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፤ ረሱት። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

ያን ጊዜ የተናገረችው ለኦቦ ድሪብሳም ሆነ ለወይዘሮ አትክልት ያልነገረችውን ነው። ዮአብ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፤ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ በምትሠራበት ክሊኒክ እያሳለ መጣ። ካርዱ ላይ «ቲቢ» ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ዓመት ከመንፈቅ መርፌ ወጋችው፤ አልተሻለውም። ነገሩን ጠርጥራ ኃላፊዋን ብትጠይቅ፣ የተጻፈውን ስጪ ተባለች። ዮአብ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ እንደተቀመጠ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ጣሊያን አገር፣ በአንድ የሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት፣ አፋቸውን በጨርቅ ያሰሩ ድንጋይ ጠራቢዎች የተሣሉበት ገጽ ገጠማት። ስድስት ዓመት የተማረችው ከሥዕሉ ሥር ለምን አፋቸውን እንዳሰሩ የተጻፈውን ለማንበብ ነው፤ የድንጋዩ አቧራ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ እንዳይገድላቸው ነው ይላል።

«አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ስፈልገው ኖርኩ» አለች። «ሳገኘው ዘለልኩት።»

ጋሽ ዓባይነህ ደብተራቸውን አጠፉ። ከዚያ በዕድሜያቸው ብለውት የማያውቁትን ነገር አሉ። «ሰው ይሳሳታል» አሉ።

ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ስንዱ የሆነውን ሲያወሩ «እሳቸው» አሉ። ወይዘሮ ስንዱ እሳቸው የተባሉት ማን እንደሆኑ ጠየቁ። «ዶክተር ጣቢታ ናቸዋ» ብለው ተቆጡ ጋሽ ዓባይነህ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩም አንቱ አላቸው።

በስምንተኛው ቀን ቀሪውን አንብበው ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ታመነ ከፋይሉ ጋር አያይዞታል፤ እስከ ዛሬም ለእንግዳ ያሳያል ይባላል። ሪፖርቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «ወንጀል አልተገኘም። አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፤ ተገኝቷል።» ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው መለሱት። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲፈልጉ ብዙ ቆዩና፣ በመጨረሻ ገጹን ሁሉ ቆጥረው እንዲረከቡና እንዲፈርሙ ጠየቋቸው። ዶክተር ጣቢታ ቆጠሩ፣ ፈረሙ፣ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ጊዜ ካላቸው እንዲመጡ ነገሯቸው። ራሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ ሲፈልጉ የኖሩት አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ እንደነበር፣ አሳታሚዎቹ ሁሉ ግን ሳያነብቡ እንደሚያመሰግኑ አስረዷቸው።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ዓባይነህ ቃሬዛውን ባሬላ አስደርገዋል። ዶክተር ጣቢታ «የብረት መንከሻ» ያሉትን «ፒንሳ»፣ «ጥርስ ያለው ማጣበቂያ» ያሉትን «ሞርሳ» ብለው እንዲያርሙ ጋሽ ዓባይነህ አስገድደዋቸዋል። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ፣ ጣሊያንኛውም የላቲን ልጅ መሆኑን ዶክተር ጣቢታ ሲነግሯቸው ለአንድ ሳምንት አላመኑም። «የማንም አይደለም ብለውኝ ነበር» አሉ። ዶክተር ጣቢታም የሰበታ መካኒኮች ርስት መሆኑን ሳላውቅ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እንዲያውም ዶክተር ጣቢታ በየምዕራፉ አንዲት ስህተት ሆን ብለው ይተዋሉ፣ ያቺን ስህተት ያገኙ ለት ጋሽ ዓባይነህ እራታቸውን በደንብ ይበላሉ ይባላል። ጋሽ ዓባይነህ ይህንንም ጠርጥረዋል፤ ስህተቷን ግን መፈለጋቸውን አልተዉም።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ የድንጋይ መፍጫው ሰዎች እንደ ልማዳቸው መጡ። ለካ በየሳምንቱ የሚሰሙት ይህንኑ መጽሐፍ ነበር። በእሱ ምክንያት ኤልቃና አቧራው እንዳይነሣ ድንጋዩ ሳይፈጭ ውሃ እንዲርከፈከፍበት ከአሠሪዎቹ ጋር ሲሟገት ከርሞ፣ ገና ግማሾቹን ነው ያሳመነው። የዚያን ቀን ተራው የሁለት መቶ ስልሳ አራተኛው ገጽ ነው። ዶክተር ጣቢታ ጀመሩት። ናዳው ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን ለጋሽ ዓባይነህ አቀበሏቸው።

ጋሽ ዓባይነህ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ሦስቱን ተሸክመው አወጧቸው። አምስቱ በእግራቸው ወጡ። ከዚያ አዲሱ አራት መስመር፤ ከሩቅ አገር የመጣው፣ ስሙ ያልታወቀው፣ እንደተቀመጠ የሞተው። አንብበው ጨረሱ። ሳይታወቃቸው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው «ነፍስ ይማር» አሉ።

የኤልቃና ሰዎች ተያዩ። በእነሱ እምነት ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም፤ ሰው ከሞተ በኋላ የሚለመንለት ነገር የለም። ጋሽ ዓባይነህም ይህን አጥተውት አይደለም፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ማን እንደሚቃወማቸው በዓይናቸው እየፈለጉ ቆሙ። ኤልቃና ጥቂት አሰበና ተነሣ። «ነፍስ ይማር» አላለም፤ ግን እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ቀጥሎ ሁለቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም ቆሙ። ዶክተር ጣቢታ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

ከኋላ ረድፍ አንዱ ያስለው ጀመር። ዝም ለማለት ታገለ፣ አልሆነለትም፤ ጎንበስ ብሎ ረጅም ሳል ሳለ። ሳሉ እስኪያልፍለት ድረስ ማንም አልተቀመጠም።